«ወፍራም ዘይት ይሻላል» ለተባለችው የቪትዝ ባለቤት

ጥያቄ፦ «የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለኝ። ሞተሩ 1,300 ሲሲ ነው፤ 180 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። አዲስ አበባ ነው የምነዳው። ከአሁን በኋላ ዘይት ግቢዬ ውስጥ ራሴ መቀየር እፈልጋለሁ። መካኒኬ ‹አገራችን ሞቃት ነው፣ መኪናውም አርጅቷል፤ 20ደብሊው-50 አድርጊበት› ይለኛል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹ፉል ሲንተቲክ 5ደብሊው-30 ካልሆነ እንዳትነኪው› ይላል። ፊልትሮ ልገዛ ስሄድም ከኦሪጅናሉ እስከ ርካሹ አራት ዓይነት አሳዩኝ። የቱን ልውሰድ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድምልሽ። መኪናሽ ዘይት የማይበላ ከሆነ 5ደብሊው-30 ወይም 10ደብሊው-30 ግዢ። ጀርባው ላይ ኤፒአይ (የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም የዘይት ደረጃ) ኤስኤን ወይም ኤስፒ የሚል ይኑርበት። ባለ 4 ሊትሩ አንድ ጋሎን ይበቃሻል። ፊልትሮው ላይ ግን አትሰስቺ። ከዘይቱ ማርካ ይልቅ ቅድሚያ የሚገባው እሱ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን በዝርዝር እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ። መካኒክሽና ወንድምሽ የሚከራከሩት በነሱ ነውና። ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል። ደብሊው ራሷ የእንግሊዝኛው «ክረምት» ቃል የመጀመሪያ ፊደል ናት፤ በረዶ የሚጥልበትን የፈረንጅ ክረምት ማለት ነው። 5ደብሊው የተባለ ዘይት ሞተር ሲነሳ ያለው ቅጥነት የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ነው። 10ደብሊው ከዜሮ በታች በ25፣ 20ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች በ15። ወንድምሽ በረዶ ባለበት አገር ከሆነ 5 ላይ ሙጭጭ ማለቱ ትክክል ነው። አዲስ አበባ ግን እንዲህ ያለ ብርድ አታውቅም። ስለዚህ ለአንቺ 5 እና 10 ብዙም አይራራቁም። 10ደብሊው-30 በርካሽ ካገኘሽ ያለ ሐሳብ ውሰጂው።

ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ዘይቱ ሲሞቅ፣ በ100 ዲግሪ፣ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ያሳያል። በዓለም አቀፉ መለኪያ «30» የተባለው ዘይት በ100 ዲግሪ ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) ይለካል። «50» የተባለው ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። «50» የተባለው፣ ሞተርሽ ከተሠራለት ዘይት በእጥፍ ሊወፍር ይችላል ማለት ነው። ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው።

«አገራችን ሞቃት ነው» የሚለውን ነገር ቆም ብለሽ አስቢው። ውጭ 15 ዲግሪም ይሁን 30፣ ሞተርሽ ሲሠራ የሚደርስበትን ሙቀት የሚወስነው ቴርሞስታቱ ነው። ውሃው 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይከፈትና ወደ ራዲያተር ይለቀዋል። መኪናሽ ጤነኛ ከሆነ ቦሌም ሆነ ድሬዳዋ ሞተሩ የሚሠራው ተቀራራቢ ሙቀት ላይ ነው። አፋር ወርደሽ፣ ጭነት ጭነሽ፣ ሙሉ ቀን ከነዳሽ ልዩነት አለ፤ ያኔ «40» ማድረግ ምክንያት ይኖረዋል። ከሲኤምሲ ፒያሳ ለሚመላለስ ቪትዝ ግን የአየሩ ሙቀት ወፍራም ዘይት ለመምረጥ ምክንያት አይሆንም።

እንዲያውም ከሙቀቱ ይልቅ ጠዋቱ ነው የሚያሳስበኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ህዳርና ታህሳስ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተሽ ኮፈኑን ብትነኪው ጣትሽን ይቀዘቅዘዋል። በዚያ ሰዓት 20ደብሊው-50 በብርድ እንደረጋ ማር ነው። አንድ ቀን ሞክሪው። ሁለቱንም ዘይት በየብርጭቆው ጥቂት ጥቂት አድርገሽ ውጭ አሳድሪና ጠዋት አዘንብለሽ እዪ። አንዱ ወዲያው ይሮጣል፤ ሌላው ወገቡን ይዞ ይወርዳል። ሞተር ደግሞ የሚጎዳው በዚያች ሰዓት ነው፤ ዘይቱ ከታች ተነስቶ እላይ ያሉት ቫልቮች ጋ እስኪደርስ ባሉት ሰከንዶች። ቁልፉን ባዞርሽ ቁጥር ያ ይደጋገማል፤ በቀን ሦስቴ፣ በወር ዘጠና ጊዜ።

የአንቺ ሞተር ላይ ሌላም ነገር አለ። ቪቪቲ-አይ የሚባለው፣ የቫልቮቹን ሰዓት የሚያስተካክለው ክፍል የሚንቀሳቀሰው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ቀጫጭን ናቸው። ሰንሰለቱን የሚወጥረውም በዘይት ነው። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ቀጠን ላለ ዘይት ነው።

መካኒክሽን ግን አትናቂው። እጁ የለመደው ነገር አለ። የድሮዎቹ ዲኤክሶች ላይ፣ በየብረቱ መሀል ያለው ክፍተት ሰፋ ባለበትና ሞተሩም ብዙ ባረጀበት፣ ወፍራም ዘይት ድምፅ ያጠፋ ነበር፤ ጭስም ይቀንስ ነበር። እኔም ጋራዥ በገባሁባቸው ዓመታት የተማርኩት ያንኑ ነው። ዛሬም ሞተርሽ ሰማያዊ ጭስ የሚያጨስ፣ በሁለት ቅየራ መሀል ሁለት ሊትር የሚጠጣ ከሆነ እሱ ያለው ላይ የተወሰነ እውነት አለ። ያኔም ቢሆን ግን በቀጥታ ወደ 50 አትዝለዪ። 10ደብሊው-40 አድርጊና እዪው። ወፍራም ዘይት የተበላ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አይጠግንም፤ ጊዜ ይገዛልሻል እንጂ። 180 ሺህ ኪሎ ሜትር ደግሞ በጊዜው ዘይት ሲቀየርለት ለኖረ የዚህ ዓይነት ሞተር እርጅና አይደለም።

ሁለተኛው የምታዪው ነገር ፊደሎቹን ነው። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንን ነው። ጋሎኑ ጀርባ ላይ «ኤፒአይ» የሚል ጽሑፍ ወይም ክብ ምልክት ፈልጊ። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር ነው፤ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ። ሁለተኛው ፊደል በፊደል ተራ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ነው። ኤስኤል በ2001 መጣ፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መኪናሽ ስትሠራ የነበረው ኤስኤል ነው። አዲሶቹ የአሮጌውን ሥራ ስለሚሸፍኑ ኤስኤን ወይም ኤስፒ ያለ ስጋት ይሆኑሻል። የምፈራልሽ የተገላቢጦሹን ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ትልቅ «20ደብሊው-50» ተጽፎ፣ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል «ኤስኤፍ» የሚል ዘይት ሱቅ ውስጥ አሁንም አለ። ኤስኤፍ ከ1988 በፊት ለተሠራ መኪና የተዘጋጀ ደረጃ ነው። ዋጋው ቀለል ማለቱ ሰውን ይስባል። ለቪትዝሽ እንዳትገዢው።

ሲንተቲክ ወይስ ተራ? ሲንተቲኩ ሙቀትንም ብርድንም በደንብ ይቋቋማል፤ ቶሎም አይበላሽም። አቅምሽ ከፈቀደ ግዢው። ካልፈቀደ ደግሞ ከፊል ሲንተቲክ ወይም ተራው፣ ኤስኤን እስከሆነና በጊዜው እስከተቀየረ ድረስ፣ ሞተርሽን አይጎዳውም። «አንዴ ሲንተቲክ ካደረግሽ መመለስ አይቻልም» የሚሉሽ እውነት አይደለም። ዘይቶቹ እርስ በርስ እንዲቀላቀሉ ተደርገው ነው የሚሠሩት። በ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሚቀየር ውድ ሲንተቲክ፣ በ5 ሺህ የሚቀየር መካከለኛ ዘይት ለአዲስ አበባ መኪና እመርጣለሁ። መንገዱ ላይ ቆመሽ የምታሳልፊውን ሰዓት ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው አይቆጥረውም፤ ሞተሩ ግን ይሠራል። አጭር መንገድ ሲበዛ ደግሞ ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ ውስጡ የገባው እርጥበትና ቤንዚን ሳይተን ይቀራል። ስለዚህ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር፣ የቀደመው።

ማርካን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሞቢል፣ ሼል፣ ቶታል፣ ካስትሮል ወይም ሌላ የታወቀ ስም፣ ቁጥሩና ፊደሉ ትክክል ከሆነ ለአንቺ ሞተር የሚያመጡት ልዩነት ትንሽ ነው። ትልቁ ልዩነት እውነተኛውና አስመስሎ የተሠራው መሀል ነው። ከነዳጅ ማደያ ወይም ከታወቀ አከፋፋይ ግዢ። የክዳኑ ቀለበት ያልተበጠሰ መሆኑን በጣትሽ አረጋግጪ። ከበርሜል እየቀዱ ከሚሸጡ ራቂ። ዋጋው ከሌላው ቦታ በብዙ ከወረደ «ዕድለኛ ነኝ» ብለሽ አትደሰቺ። ስትጨርሺ ደግሞ ባዶውን ጋሎን በቢላ ሰንጥቀሽ ጣዪው። ንጹሕ ባዶ ጋሎን ሌላ ነገር ተሞልቶበት ተመልሶ ሱቅ ይገባል።

ወፍራም ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ «ለሞተር መድኃኒት» ብለው ይሰጡሻል። ተዪው። ጥሩ ዘይት የሚያስፈልገውን ተቀላቅሎበት ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ፊልትሮ። ሶማሌ ተራ ላይ አራት ፊልትሮ ጎን ለጎን ቢያስቀምጡልሽ ከውጭ ሁሉም ቆርቆሮ ናቸው፤ ቀለማቸው ብቻ ይለያያል። ልዩነቱ ያለው ሆዳቸው ውስጥ ነው። እኔ የወጣ ፊልትሮ በሴጌቶ ቆርጬ ማየት ልማዴ ነው፤ ተለማማጆቼንም ቁረጡ እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ መጣ። ጠዋት ሲያስነሳ ለሦስት አራት ሰከንድ «ኳ ኳ ኳ» ይላል፣ ከዚያ ዝም። ሰንሰለት ቀይር ተብሎ ተጨንቋል። መጀመሪያ ፊልትሮውን ፈታንና ቆረጥነው።

ውስጡ ያለው ወረቀት እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ ዙሪያውን እኩል መሰደር ነበረበት። እጥፋቶቹ በአንድ በኩል ተጨናንቀው፣ በሌላ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትተዋል። ዘይት ደግሞ ክፍት መንገድ ካገኘ ወረቀት ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል? ከአፉ ስር ያለችው የላስቲክ ክዳን ደግሞ ደርቃ እንደ ካርቶን ሆናለች። ስንጫናት አትመለስም። ሥራዋ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ወደ ታች እንዳይመለስ መያዝ ነበር። ስላልያዘች ሌሊቱን ሙሉ ተንጠባጥቦ ያልቃል። ጠዋት ሞተሩ የሚነሳው በባዶ ፊልትሮ ነው። ያ «ኳ ኳ» ዘይት እስኪደርስላቸው የሚጮሁ ብረቶች ድምፅ ነው። ጥሩ ፊልትሮ ገባለት፣ ድምፁ በማግስቱ ጠፋ። ሰንሰለቱ ምንም አልሆነም ነበር።

ፊልትሮ ውስጥ ሌላም ቫልቭ አለ። ወረቀቱ በቆሻሻ ሲደፈን፣ ወይም ዘይቱ በብርድ በጣም ሲወፍር፣ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሞተር ያለ ዘይት ከሚቀር ቆሻሻም ቢሆን ይድረሰው ተብሎ ነው። ርካሹ ላይ ይህች ቫልቭ አንዳንዴ ወይ በደንብ አትዘጋም፣ ወይ አትከፈትም። በዚያ ላይ ጠዋት ወፍራም ዘይት ሲገፋት የምትከፈተው ይህችው ናት። 20ደብሊው-50 ሌላም ዋጋ እንዳለው ከዚህ ትረጃለሽ።

ስለዚህ ኦሪጅናሉን ወይም የታወቀ የጃፓን ሥራ ግዢ። እንዳንቺ ያለው የቶዮታ ባለ ቆርቆሮ የዘይት ፊልትሮ መለያ ቁጥር በ90915 ይጀምራል። ቁጥሩ ካርቶኑም ቆርቆሮውም ላይ አንድ መሆኑን እዪ። ሱቅ ውስጥ በጣትሽ ቀዳዳዎቹን አልፈሽ ያችን ላስቲክ ተጫኚያት፤ ለስላሳ ሆና መመለስ አለባት። ሻጩ ቢገረም ይገረም። አሮጌውን ፊልትሮ ይዘሽ ብትሄጂም ጥሩ ነው። ጥርሱና የላስቲኩ ስፋት መግጠም አለበት። «ይገጥማል» እና «ለሱ የተሠራ ነው» አንድ አይደሉም።

የአየር ፊልትሮውንም አብረሽ ክፈቺና እዪ። በበጋ አቧራ የሚደፈነው እሱ ነው። እሱ ያላስቀረው አቧራ መጨረሻው ዘይትሽ ውስጥ ነው። የወረቀት ፊልትሮ በውሃ አይታጠብም። ቀለል ያለ አቧራ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ብሎ ይነፋል፤ ከጠቆረ ይቀየራል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር ገላሽን እንዳታስገቢ። ይህንን በጣም አጥብቄ እለምንሻለሁ። ካቫሌቶ፣ ማለትም ማቆሚያ ብረት፣ ግዢ ወይም ተዋሺ። የኋላ ጎማዎቹ ስር ድንጋይ አድርጊ፣ የእጅ ፍሬን ያዢ፣ መሬቱ ሜዳና ደረቅ ይሁን። ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አሙቂውና አጥፊው። ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል፤ የጋለ ዘይት ግን እጅ ይልጣል።

የማውረጃው ብሎን በ14 ቁልፍ ይፈታል። የብሎኑን ሮንዴላ (ከስሩ ያለችውን ቀለበት) በአዲስ ቀይሪ፤ ዋጋዋ ከቁም ነገር አይገባም፤ ካልቀየርሻት ግን ታንጠባጥባለች። ስትመልሺው በእጅሽ ጀምሪ፣ ከዚያ በቁልፍ አጥብቂ። ቶርክ መለኪያ ካለሽ 38 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል። ከሌለሽ በአጭር ቁልፍ በአንድ እጅ ጠበቅ አድርጊው እንጂ ቧንቧ ቀጥለሽ አትጎትቺ። ጥርሱ የተበላ ብሎን ይዘው ጋራዥ የሚመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም «እንዳይፈታ ብዬ» ነው የሚሉኝ።

ፊልትሮውን ስታወጪ አሮጌው የላስቲክ ቀለበት አብሮ መውጣቱን በዓይንሽም በጣትሽም አረጋግጪ። ተለማማጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ፣ ሳላየው አዲሱን በላዩ አስሬበታለሁ። ሁለት ላስቲክ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል። መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ሙሉ ዘይቱ መሬት ላይ ፈሰሰ። መንገድ ላይ ቢሆን ሞተሩ ያልቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወጣውን ፊልትሮ ገልብጬ ቀለበቱን ሳልነካ አዲሱን አላነሳም። አዲሱ ቀለበት ላይ ንጹሕ ዘይት ቀቢ፣ በእጅሽ አሽከርክሪው። ላስቲኩ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ጨምሪና አቁሚ። ቁልፍ አያስፈልገውም።

ሞተርሽ ከነፊልትሮው ስንት ሊትር እንደሚይዝ መመሪያ መጽሐፉ ላይ እዪ። ጋሎኑን በሙሉ እንዳትገለብጪው። መጀመሪያ ከዚያ ጥቂት ቀንሰሽ ጨምሪ፣ አስነሺ። የዘይት ቀይ መብራት በሰከንዶች ውስጥ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ወዲያው አጥፊ። ጎንበስ ብለሽ ስሩን እዪ። ከዚያ አጥፍተሽ አምስት ደቂቃ ጠብቂና መለኪያውን አውጪ። ከላይኛው ምልክት እስኪደርስ ጥቂት በጥቂት ጨምሪ። ከምልክቱ ማለፍም ጥፋት ነው። የሞተሩ ዘንግ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። የተረፈው በንጹሕ ጠርሙስ ለመሙያ ይቀመጥልሽ።

በቅየራ መሀል ሞተሩን በናፍጣ ማጠብ የሚባል ነገር ይነግሩሻል። አታድርጊው። ናፍጣው ሁሉ ተንጠፍጥፎ አይወጣም፤ ቀሪው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። በዓመታት የተጋገረውንም ቆሻሻ በአንዴ ካስለቀቀው ከታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩን ማጽዳት ከፈለግሽ ቀጣዩን ቅየራ በ3 ሺህ ኪሎ ሜትር አድርጊው። ጥሩ ዘይት በራሱ ቀስ እያለ ያጥባል። ስለዚህ አዲሱ ዘይት ቶሎ ቢጠቁር አትደንግጪ፤ እያጠበ ነው። የሚያስደነግጠው ወተት ሲመስል ነው፤ ያ ውሃ ገብቶበታል ማለት ስለሆነ ሳትነጂ መካኒክ ጥሪ።

የወጣውን የተቃጠለ ዘይት በዚያው ጋሎን መልሰሽ ለምታውቂው ጋራዥ ስጪ፤ በበርሜል የሚያጠራቅሙ አሉ። ከሰጠሽ በኋላ ነው ጋሎኑን የምትሰነጥቂው። ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ ብለው ጎረቤቶች ሊጠይቁሽ ይችላሉ። አትስጪ። ልጆች የሚነኩት እንጨት ላይ ያ ዘይት መቀባት የለበትም፤ ቆዳ ላይ ሲደጋገም ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበት። አንቺም ጓንት አድርጊ። ቱቦ ውስጥ ወይም አፈር ላይ ማፍሰሱማ አይታሰብም።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። የቀየርሽበትን ኪሎ ሜትር ኮፈኑ ስር በፕላስተር ላይ ጻፊ። ከዚያ በየቅዳሜው፣ መኪናው ሜዳ ላይ አድሮ ሳታስነሺው፣ መለኪያውን እዪና የት እንደደረሰ መዝግቢ። 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ከላይኛው ምልክት ብዙም ካልወረደ 30 ላይ ቆዪ። ወደ ታችኛው ምልክት እየተጠጋ ከሆነ መጀመሪያ ውጭ የሚያንጠባጥብ እንዳለ ስሩን በካርቶን አረጋግጪ፤ ከሌለ ቀጣዩን 10ደብሊው-40 አድርጊው። ያንን መዝገብ ይዘሽ ለመካኒክሽም አሳዪው። ስለ ሞተርሽ ከእኔም ከወንድምሽም በላይ የሚያውቀው ያ ወረቀት ነው።